ወንበር ባዶ ሆኖ ሻንጣ ለምን ይቀራል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ ከጅማ ተጓዦች የሚላክ አንድ ቅሬታ ቶሎ ቶሎ ይወጣል። «አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበር ባዶ ነበር፤ ሻንጣችን ግን ቀረ» የሚል ነው። ከሥሩ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «በአየር ጠባይ ምክንያት» የምትል አንዲት ሐረግ ናት። ሐረጓ ውሸት አይደለችም፤ ግን ለአንባቢው ምንም አትነግረውም። ጠብታ ዝናብ ባልወረደበት፣ ሰማዩ ወለል ብሎ በታየበት ቀን «የአየር ጠባይ ነው» የተባለ ሰው ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከጅማ ለሚነሳ አውሮፕላን ሸክም የሚከብድበት ቀን ብዙ ጊዜ ያ የጠራው፣ ፀሐይ የከረረበት፣ ቅጠል የማይነቃነቅበት ቀን ነው። ለምን እንደሆነ በቁጥር አስደግፈን ማስረዳት ይቻላልና ቦታ እንድትሰጡን እንጠይቃለን።

አውሮፕላንን የሚሸከመው ሞተሩ ሳይሆን አየሩ ነው። ሞተሩ ወደፊት ይገፋል፤ ክንፉ ደግሞ የሚያገኘውን አየር ወደታች እየገፋ አውሮፕላኑን ወደ ላይ ያነሳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ክንፉ የሚያገኘው አየር ምን ያህል ይመዝናል የሚለው ነው። በባሕር ጠለል ላይ፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሲሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የአውሮፕላን ፋብሪካዎች የሚነሱት ከዚህ ቁጥር ነው። የጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከ1,013 ሄክቶፓስካል ወደ 825 አካባቢ ይወርዳል። ይህን ለማየት መሣሪያ መፈለግ የለብንም፤ ጀበናው ይበቃል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ ጅማ ላይ የተጣደ ጀበና ግን 94 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ይንተከተካል፤ ከላይ የሚጫነው አየር ቀሏልና። በዚያው ልክ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ሳስቶበታል።

ከፍታው አይለወጥም። የሚለዋወጠው ሙቀቱ ነው፤ ቅሬታውም የሚመጣው ከዚህ ነው። በበጋ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ሙቀቱ 12 ዲግሪ ቢሆን የጅማ አየር በሜትር ኩብ 1.01 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ 27 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 0.96 ይወርዳል፤ ይኸውም ከባሕር ጠለሉ 22 በመቶ ያነሰ ማለት ነው። አብራሪዎች ይህን ወደ ከፍታ መልሰው ያሰሉታል፤ «ዴንሲቲ አልቲቱድ» ይሉታል። በእነሱ ስሌት የጅማ አስፋልት ጧት 2,000 ሜትር ላይ ያለ ያህል፣ ከሰዓት ደግሞ 2,500 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይቆጠራል። በአንድ ቀን ውስጥ ማረፊያው 500 ሜትር ሽቅብ ወጣ እንደማለት ነው። ጥሩ የእጅ ስሌት አለው፦ በዚያ ከፍታ ይጠበቃል ከሚባለው ሙቀት (ለጅማ 4 ዲግሪ ገደማ ነው) በላይ ለጨመረ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 36 ሜትር ደምሩ።

ስለ እርጥበት አንድ ነገር እንበል፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ስለሚያስበው። ክረምት ላይ «አየሩ ከብዷል» እንላለን። የውኃ ትነት ግን ከደረቅ አየር ይቀላል፤ ስለዚህ እርጥብ አየር ለክንፍ የባሰ ስስ ነው። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው፤ በጅማ ሞቃትና እርጥብ ቀን ከመቶ አንድ ገደማ ቢሆን ነው። ከሙቀቱ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ይህ ስስ አየር ምን እንደሚያደርግ እንይ። ክንፍ የሚሸከመው ክብደት በአየሩ እፍጋት (አንድ ሜትር ኩብ አየር በሚመዝነው) እና በፍጥነቱ ስኩዌር (ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው) ይወሰናል። እፍጋቱ ከቀነሰ ፍጥነቱ መጨመር አለበት። የአብራሪው ፍጥነት መለኪያ የሚለካው አየሩ የሚገፋበትን ኃይል ስለሆነ የትም ቦታ አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያል፤ ለምሳሌ አፍንጫውን የሚያነሳበት 110 ኖት (204 ኪሎ ሜትር በሰዓት) ቢሆን ጅቡቲም ጅማም 110 ኖት ነው። ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው ፍጥነት ግን ይለያያል። በባሕር ጠለል 204 ኪሎ ሜትር በሰዓት የነበረው ጅማ ላይ በ27 ዲግሪ 231 ይሆናል። 13 በመቶ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን መንደርደሪያውን የሚያረዝመው የፍጥነቱ ስኩዌር ነው፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሊያከማች የሚገባው ጉልበት 28 በመቶ ይጨምራል። ሲያርፍም እንዲሁ ነው፤ ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት 28 በመቶ ይበዛል፤ ፍሬኑም የዚያኑ ያህል ይግላል።

በላዩ ላይ ያንን ተጨማሪ ጉልበት መስጠት ያለበት ሞተር ራሱ ደክሟል። ተርባይን የሚሠራው አየር እየማገ፣ እየጨመቀ፣ በነዳጅ እያነደደ ነው። የሚምገው አየር በክብደት ካነሰ ኃይሉም ያንሳል። ዘመናዊ ሞተሮች እስከ አንድ የሙቀት ወሰን ድረስ ኃይላቸውን ጠብቀው ይቆያሉ፤ ከዚያ ካለፈ ግን የተርባይኑ ግለት ጣሪያውን ስለሚነካ ኃይል መቀነስ ግድ ይሆናል። ፕሮፔለሩም ያው እንደ ክንፍ አየር የሚገፋ ነገር ነው፤ ስስ አየር ሲያገኝ ግፊቱ ይቀንሳል። እንግዲህ አንድ ምክንያት ሦስት ቦታ ይመታል፦ ክንፉን፣ ሞተሩን፣ ፕሮፔለሩን። ሠርግ ላይ ድሮን የሚያበሩ የከተማችን ልጆችም ይህን በእጃቸው ያውቁታል። ያው ድሮን አየር ላይ ቆሞ ለመቆየት በባሕር ጠለል ከሚፈልገው ኃይል 13 በመቶ ያህል የበለጠ ይፈልጋል፤ ባትሪው ማኑዋሉ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ቀድሞ የሚያልቀው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ አውሮፕላኑ በየቀኑ እየተነሳ አይደለም ወይ? ሁለት ሦስት ሻንጣ ቢጨመርበት ምን ይሆናል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለቱም ሞተሮች እየሠሩ ከሆነ ምንም አይሆንም፤ ይነሳል። ስሌቱ ግን የሚሠራው ለዚያ ቀን አይደለም። ስሌቱ የሚሠራው አውሮፕላኑ ወደኋላ መመለስ የማይችልበት ፍጥነት ላይ ከደረሰ በኋላ አንዱ ሞተር ቢጠፋስ ለሚለው ነው። ሁለት ሞተር ላለው የመንገደኛ አውሮፕላን የብቃት ደንቡ፣ በአንድ ሞተር ብቻ ሆኖ፣ ጎማው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ቢያንስ በ2.4 በመቶ ዳገት መውጣት እንዲችል ያዛል። አንድ ሺህ ሜትር ወደፊት ሲሄድ 24 ሜትር ሽቅብ ማለት ነው። ከባሕር ጠለል ይህ ብዙ ችግር የለበትም። ግማሽ ኃይል በቀረበት፣ ያ ግማሽም በሳሳ አየር በተዳከመበት፣ ዙሪያው ኮረብታ በሆነ ቦታ ግን ያቺን 24 ሜትር ለማግኘት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ክብደት መቀነስ። ሻንጣችሁ የሚቀረው በዚህ ስሌት ነው። ወንበሩ ባዶ የሆነውም በዚሁ ስሌት ሊሆን ይችላል።

ፍላፕን አብዝቶ መዘርጋት አይረዳም ወይ የሚሉ አሉ። ግማሽ መፍትሔ ነው። ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ፍላፕ ሲበዛ አውሮፕላኑ በዝቅተኛ ፍጥነት ይነሳል፤ መንደርደሪያው ያጥራል። ግን የአየር መጎተት ይጨምራል፤ ከተነሳ በኋላ ዳገቱን የሚወጣበት አቅም ያንሳል። አስፋልቱ አጭር ከሆነ ብዙ ፍላፕ፣ ፊት ለፊት ኮረብታ ካለ ትንሽ ፍላፕ ይሻላል። ሁለቱም ባሉበት ቦታ የሚቀነሰው ጭነት ነው።

ይህ የጅማ ብቻ ጣጣ አይደለም። የቦሌ ማረፊያ ከጅማም በላይ፣ 2,300 ሜትር ላይ ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላው ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ከዚያ ከፍታ መነሳት ስለሚከብደው ነው፤ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ነፋሱ ከፊት መምጣቱም ይጨመርበታል።

አሁን ወደ ክብደቱ። በአገር ውስጥ መስመር የምናውቀው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ሲነሳ ሊመዝን የሚችለው ጣሪያ ወደ 29 ቶን ነው። ያ ጣሪያ ግን ወረቀት ላይ ያለ ጣሪያ ነው፤ የቀኑ ሙቀትና ነፋስ ከዚያ በታች ሌላ ጣሪያ ያወጣለታል። በዚያ ውስጥ ነዳጁም ይቆጠራል። የጄት ነዳጅ በሊትር 0.8 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቦሌ በጉም ቢዘጋ ወደ ሌላ ማረፊያ የሚያደርስ 1,000 ሊትር ሲጨመር 800 ኪሎ ተጨመረ ማለት ነው፤ ባለ 20 ኪሎ ሻንጣ ቢሆን 40 ሻንጣ። ያንን ነዳጅ ቀንሱና ሻንጣ ጫኑ የሚል ሰው ያለ አይመስለንም።

ክብደት 10 በመቶ ሲጨምር የመነሻ ፍጥነቱ 5 በመቶ ይጨምራል፤ የመንደርደሪያው ርቀት ደግሞ ቢያንስ በ21 በመቶ ይረዝማል፤ ፍጥነቱም መጨመሩ፣ ለማንደርደርም መክበዱ ተደራርቦ ነው። እንግዲህ የጅማን ነገር በቅርበት እንየው። በሚዛኑ ላይ ሻንጣው 19 ኪሎ ተኩል ይላል፤ ጥሩ። ባለቤቱ ግን በትከሻው ባንጠለጠላት ቦርሳ ውስጥ አምስት ኪሎ ጥሬ ቡና አለ፤ በፌስታል ደግሞ ለአክስቱ የሚወስደው ማር። እነዚህ ሚዛን ላይ አልወጡም። የስሌት ወረቀቱ፣ ሎድ ሺት የሚባለው፣ ተሳፋሪን የሚቆጥረው በአማካይ ክብደት ነው፤ በአውሮፓ ደንብ ለምሳሌ አንድ አዋቂ ከእጅ ቦርሳው ጋር 84 ኪሎ ተብሎ ይያዛል። 78 ሰው እያንዳንዱ ከአማካዩ አምስት አምስት ኪሎ ቢያሳልፍ፣ ማንም ያልጻፈው 390 ኪሎ ተሳፍሯል ማለት ነው። ብቻውን አውሮፕላን አይጥልም። ግን አብራሪው ፍጥነቱን የወሰነው ያንን 390 ኪሎ ሳያውቅ ነው። የቡና አገር ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ ይገባናል። ቡናውን ሚዛን ላይ ማውጣት ግን የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ክብደቱ የት እንደተቀመጠ ደግሞ ስንት እንደሆነ ከማወቅ አያንስም። አውሮፕላን እንደ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው የክብደቱ ማዕከል ክንፉ አጠገብ በተወሰነ ክልል ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ክልሉ የሚለካው በሴንቲ ሜትር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ማንም ሊሠራው ይችላል። ስድስት ሰው፣ እያንዳንዱ 80 ኪሎ፣ ከፊት ወንበር ተነስቶ አሥር ሜትር ወደኋላ ቢቀመጥ 480 ኪሎ በ10 ሜትር ማባዛት ነው፤ 4,800። ይህን ለ24,000 ኪሎ አውሮፕላን ስናካፍለው የክብደቱ ማዕከል 20 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ ሄደ ማለት ነው። በዚህ መጠን ላለ አውሮፕላን 20 ሴንቲ ሜትር ብዙ ነው። ማዕከሉ ከመጠን በላይ ወደፊት ከሆነ አፍንጫው በተባለው ፍጥነት አልነሳ ይላል፤ አስፋልቱ ያልቃል። ወደኋላ ከሆነ ይብሳል፤ አውሮፕላኑ በትንሽ ንክኪ አፍንጫውን ይሰቅላል፤ ፍጥነት አጥቶ ክንፉ መሸከም ቢያቆም አፍንጫውን መልሶ ለመድፋት ያስቸግራል። ስለዚህ የበረራ አስተናጋጇ «እባክዎ ወደተሰጠዎት ወንበር ይመለሱ» ስትል ሥርዓት ለማስከበር ብቻ አይደለም፤ ሎድ ሺቱን እየጠበቀች ነው። ባዶ ወንበር የተሳፋሪ መዘዋወሪያ እንዳልሆነ በዚህ ይታወቅ።

ነፋስን በአጭሩ እንለፈው። ያ በ231 የሚነሳ አውሮፕላን ከፊቱ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ ነፋስ ካገኘ አስፋልቱ ላይ በ211 ይነሳል፤ ርቀቱ 17 በመቶ ያጥራል። ያው ነፋስ ከኋላ ቢመጣ በ18 በመቶ ይረዝማል። ለዚህ ነው አብራሪ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥሞ የሚነሳው፤ ለአብዛኞቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖችም ከ10 ኖት በላይ የኋላ ነፋስ የማይፈቀደው። ነፋስ የሌለበት የበጋ ከሰዓት ደግሞ ምንም እርዳታ የለውም፤ ሙቀቱን ብቻውን ይጋፈጣል።

ጋዜጣችሁ ራሱ ሊያርመው የሚገባ ቃል አለ፤ «የአየር ኪስ»። አውሮፕላን «አየር የሌለበት ኪስ ውስጥ ገብቶ ወደቀ» ብሎ መጻፍ ሰውን ያለ አግባብ ያስደነግጣል። ሰማይ ላይ አየር የሌለበት ጉድጓድ የለም። ያለው ሽቅብ የሚወጣና ቁልቁል የሚወርድ አየር ነው። ከሰዓት በኋላ የከተማው ቆርቆሮ ጣሪያና አስፋልት ቶሎ ይሞቃል፤ የቦዬ ረግረግና የቡናው ጫካ ግን ቀዝቀዝ ብሎ ይቆያል። ከሞቀው ላይ አየር ይነሳል፤ በቀዘቀዘው ላይ ይወርዳል። አውሮፕላኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የክንፉ ሸክም በድንገት ይለወጣል፤ ሆድ ባዶ የሚሆነው ያኔ ነው። ተሳፋሪው መቶ ሜትር የወደቀ ይመስለዋል፤ ከፍታ መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው የጥቂት ሜትር ለውጥ ነው። ክንፉ ከዚህ እጅግ የበለጠ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። የሚጎዳው ቀበቶ ያላሰረ ሰው ነው፤ አውሮፕላኑ ሲወርድ እሱ ባለበት ይቀርና ጣሪያው መጥቶ ይመታዋል።

ከዚህ የሚለየውና በእውነት የሚያሰጋው ከነጎድጓድ ደመና ሥር የሚወርደው አየር ነው። ከደመናው የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲመታ እንደፈሰሰ ውኃ በየአቅጣጫው ይበተናል። ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከአራት ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ዕድሜውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ለማረፍ የሚመጣ አውሮፕላን መጀመሪያ ከፊት የሚመጣ ነፋስ ያገኛል፤ ፍጥነት መለኪያው ከፍ ይላል፤ ልምድ የሌለው ሰው ኃይል ይቀንሳል። ወዲያው መሀሉ ላይ ቁልቁል ይገፋዋል፤ ቀጥሎ ያ ነፋስ ከኋላው ይሆናል። የፊቱ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ የኋላውም 30 ከሆነ፣ ክንፉ በሰከንዶች ውስጥ 60 አጣ። መሬት አጠገብ፣ ሞተሩ በደከመበት ከፍታ፣ ያንን መልሶ ለማግኘት ጊዜ የለም። በጅማ ክረምት ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ሳያርፍ ሲዞር ወይም ወደ ቦሌ ሲመለስ ብታዩ ደመናው እስኪያልፍ መጠበቁ ነው። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይበቃዋል።

በዝናብ የራሰ አስፋልትም የራሱ ስሌት አለው፤ ውኃው ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከቆመ ጎማው አስፋልቱን ለቅቆ ውኃው ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። የሚንሳፈፍበት ፍጥነት በኖት፣ የጎማው ግፊት በፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ በሚለካበት መለኪያ) ተወስዶ ስኩዌር ሩቱ በ9 ሲባዛ ይገኛል፤ ግፊቱ 144 ቢሆን 12 በ9፣ 108 ኖት፣ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። ጎማው ካነሰ ግፊት ጋር ከመጣ ከዚያም በታች ይንሳፈፋል፤ ፍሬን ቢረገጥ አይይዝም።

እንግዲህ ሁለት ነገር እንለምናለን። ተጓዡ ከባድ ጭነት ካለው የጧቱን በረራ ይያዝ። ቡናና ማር የሚበዛበት ሰው በ27 ዲግሪ ከሚነሳው ይልቅ በ12 ዲግሪ በሚነሳው ላይ ሻንጣው የመቅረቱ ዕድል ያንሳል። ጉም የሚዘገይበት ማለዳ አለ፤ ጉሙ ግን ፀሐይ ስትበረታ ይገፈፋል፤ ሙቀቱ ግን እስከ ማምሻ ይቆያል። የእጅ ቦርሳውንም ቤቱ በእጅ ሚዛን ይመዝነው፤ ካለፈ ቼክ-ኢን ላይ ይናገር።

ለእናንተ ደግሞ፣ የሚቀጥለው ቅሬታ ሲደርሳችሁ አየር መንገዱን ሦስት ቁጥር ጠይቁትና ከሥሩ አትሙት፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ ሙቀቱ ስንት ነበር፣ ነፋሱ ከየት ምን ያህል ነበር፣ ለዚያ ሰዓት የተፈቀደው የመነሻ ክብደት ስንት ነበር። «ሙቀት 28 ዲግሪ፤ ነፋስ የለም፤ ከተፈቀደው በላይ የሆነ 300 ኪሎ ሻንጣ ለነገ ጧት ተላልፏል» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር
በአውሮፕላን ጭነትና ሚዛን ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችሁ፣ ከጅማ